የታጠበው ሰላጣ

ሥራዬ የጤና ተቆጣጣሪነት ነው። የምግብ ቤቶችን ጓዳ እያስከፈትኩ አያለሁ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፣ በየቀበሌው አዳራሽ እየዞርኩ ስለ ዝንብ አስተምራለሁ። ስሜ ሰርክአዲስ ነው፤ የሰፈሬ የእሪ በከንቱ ሰው ግን «ዝንቢቱ» ነው የሚለኝ። አራዳ ሰው ላይ ስም ሲለጥፍ ዓይኑን አያሽም። እኔም ስሙን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ የምናገረውን ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ውሎ ቤቱ ሲገባ ተቃራኒውን የሚያደርገውን ሰው ነው። እሱ ያቃጥለኛል። ከእሱ የባሰ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ንጹሕ ሰው ነው። ቆሻሻው ሰው ቢያንስ መቆሸሹን ያውቃል። «እኔማ ንጹሕ ነኝ» የሚለውን ከየት ጀምረው ያስተምሩታል?

አቶ ገብረዮሐንስ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ነበሩ። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ናቸው። በልጅነታቸው ከአዲግራት መጥተው፣ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ጣልያን ልብስ ሰፊ ሙያ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሱፍ ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። ኮታቸው ላይ አንዲት ክር አትገኝም። ሻይ ቤት ሲገቡ የራሳቸውን ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልለው ይገባሉ፤ አስተናጋጁ ቢስቅም ባይስቅም ግድ የላቸውም። አንድ ልጃቸው የማነ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ልጁን ሓዳስን አባቱ ዘንድ ትቶ እሱ መንገድ ለመንገድ ነው የሚኖረው። እና አቶ ገብረዮሐንስ በስተርጅና የስምንት ዓመት ልጅ አሳዳጊ ሆኑ። ፀጉሯን ራሳቸው ያበጥራሉ፣ የደንብ ልብሷን ራሳቸው ይተኩሳሉ። ከእሷ በቀር በዚህ ዓለም ላይ የሚጨነቁለት ነገር ያላቸው አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ1975 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መካከል፣ አንድ ሐሙስ ነው። ከፒያሳ ከሥራ ወጥቼ ወደ ሰፈሬ ስወርድ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ጥግ ላይ አስካለ የምትባለው ሴት ከዘረጋችው ጉልት ፊት አቶ ገብረዮሐንስን አገኘኋቸው። ሓዳስ እጃቸውን ይዛ ቆማለች።

«አስካለ፣ ይሄ ጭቃ ነው» ይላሉ። «የታጠበው የለም?»

«ለእርስዎማ አስቀምጫለሁ አባባ፤ ያለ እሱ መቼ ይወስዳሉ!» አለችና ከእርጥብ ጆንያ ሥር ውሃ የሚንጠባጠብበት ሰላጣ መዘዘችላቸው።

አቶ ገብረዮሐንስ ሱፍ እንደሚመርጥ ሰው ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃን አነሡት፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ከመሐሉ አንድ ለጋ ቅጠል ቀነጠሱና ለሓዳስ አጎረሷት።

«ኧረ በሕግ አባባ! ምን እያጎረሷት ነው?» አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ጓለይ?» አሉኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ሰላምታ ይቀድማል።»

«ይቅርታ አባባ፣ እንደምን ዋሉ። ግን ያንን ቅጠል ያስተፏት።»

«ለምን? መርዝ ነው?»

«ጥሬ ነው። አልታጠበም።»

አስካለ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አልታጠበም? እጄ እስኪደነዝዝ ያጠብኩትን? አንቺ ሴትዮ፣ እንጀራዬን ልትዘጊ ነው እንዴ አመጣጥሽ?»

«ሰማሽ?» አሉኝ አቶ ገብረዮሐንስ በትዕግሥት። «እኔ ያልታጠበ ገዝቼ አላውቅም። ውሃው ካልተንጠባጠበ ገንዘቤን አላወጣም። ስለዚህም ነው ቤት ወስጄ ዳግመኛ የማላጥበው። የታጠበ ነገር እንደገና ሲታጠብ ጣዕሙ ነው የሚሄደው።»

ዳግመኛ አያጥቡትም! በራሳቸው ብርጭቆ ሻይ የሚጠጡት ሰው፣ ጉልት ላይ የተገዛ ሰላጣ እንዳለ ጨው ነስንሰው ይበላሉ! ምን ልበል? ወደ ሓዳስ ዞር አልኩ። ቅጠሉን ምንም ፍላጎት ሳይኖራት ታላምጣለች። አንገቷ ቀጥኗል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ሆዷ ግን የቀሚሷን ቁልፍ ወጥሮታል። እንዲህ ያለ ሆድ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ።

«ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም?»

«አልሄደችም። ሆዷን ይቆርጣታል። አንድ ቀን ተቅማጥ፣ አንድ ቀን ቁርጠት፣ አንድ ቀን ማቅለሽለሽ። ዳገቱን መውጣት አቅቷት ትናንት ተሸክሜያት ነው የተመለስኩት።»

«ታዲያ ሐኪም አላያትም?»

«እንዴት አያያትም! ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደም አንሷታል፣ ቅጠላ ቅጠል አብላት አለኝ። ይኸው በምሳም በራትም ሰላጣ አበላታለሁ። እሱ አብላ ይላል፣ አንቺ አታብላ ትያለሽ። እናንተ የተማራችሁት መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ፤ እኛ ከዚያ በኋላ እንታዘዛለን።»

እውነታቸውን ነው። ያ ያያት ሰው «ቀቅለህ» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር አፉ አይጎዳ ነበር። እኛ የጤና ሰዎች ቸኩለን ግማሽ ምክር እንሰጥና ሰው በግማሹ ሲሳሳት እንቆጣለን። ግን ይህን በልቤ ነው ያልኩት፤ ለአቶ ገብረዮሐንስ እንዲህ ዓይነት በር ከከፈትኩላቸው ቀኑን ሙሉ አይወጡልኝም።

አብረን ቁልቁል ወረድን። ሓዳስ በመካከላችን እያረፈች ትሄዳለች።

«ለማንኛውም አትጨነቂ» አሉኝ። «መድኃኒቷን አግኝቻለሁ። ቅዳሜ በማለዳ ኮሶ አጠጣታለሁ። ተፈጭቶ ተዘጋጅቷል።»

እግሬ ቀጥ አለ። «ለዚች ልጅ? ኮሶ?»

«ኮሶ ነው ያለባት። ለገና አባቷ ሲመጣ ጥሬ ሥጋ አቅምሷታል፤ እንዳያደርግ ብዬው ነበር። እኔ በየሁለት ወሩ እጠጣለሁ፤ ይኸው ጥርሴ ሙሉ ነው።»

«አባባ፣ ጥርስ ከኮሶ ጋር ምን አገናኘው? እርስዎ ጉልበት ያለዎት ሰው ነዎት። እሷ ተቅማጥ ያደከማት፣ ደም የሌላት ልጅ ናት። ኮሶ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ዓይን ያጠፋል። ለደከመ ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቅዳሜ ጠጥታ እሑድ ባትነሣ ለየማነ ምን ይሉታል?»

«ኧረ ክፉ አታናግሪኝ!» አሉና አማተቡ። ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «እናቴ ለእኔ አጠጥታኛለች፣ አያቴ ለእናቴ አጠጥታለች። ልጅቷ እየከሳች እጄን አጣጥፌ ልያት? አንቺ ልጅ አላሳደግሽም፣ አይገባሽም።»

ይህችኛዋ አመመችኝ፤ ግን ዋጥኳት። ቤታቸው ድረስ አብሬ ገባሁና ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ሳላስጨርስ አልወጣም ብዬ ነው የገባሁት።

«አባባ፣ ይስሙኝ። ትል ሁሉ አንድ አይደለም። ኮሶ የምንለው ትል ከጥሬ ሥጋ ይመጣል፤ እሱን የኮሶ መድኃኒት ያወጣዋል። ወስፋት ግን ሌላ ነው። ከሰው ሆድ ከዓይነ ምድር ጋር እንቁላሉ ይወጣል፣ አፈርና ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ ቅጠሉን ጥሬውን የበላ ሰው ይውጠዋል። ለወስፋት ኮሶ ምንም አያደርግለትም።»

«በስመ አብ! በጾም ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ታወሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ወስፋት የጾም አቆጣጠር አያውቅም።»

«ያውቃል እንጂ! ትል የሥጋ ነገር ነው። ጾም የሚታዘዘው ለነፍስም ለሥጋም ንጽሕና ነው። አትክልት እግዚአብሔር ከምድር ያበቀለው ነው፤ ማንም አልገደለው፣ ደም አልፈሰሰበት። በሱ ውስጥ ትል አለ ማለት ድፍረት ነው።»

«እግዚአብሔርማ ንጹሑን ነው ያበቀለው፤ ያቆሸሽነው እኛ ነን።»

«ደግሞ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ቃሪያ እከትፍበታለሁ። የትኛው ትል ነው ይሄን የሚችለው?»

«እርስዎ ሎሚና ቃሪያ ሲበሉ ይሞታሉ?»

«እኔ ሰው ነኝ!»

«እንቁላሉ ከእርስዎ ይበረታል።»

ሓዳስ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አያቷ ገሠጿት፤ ግን ሳቋ ደስ እንዳላቸው ከዓይናቸው ታየኝ።

«እሺ» አሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ «ጣልያኑ ጌታዬስ? በየቀኑ አንድ ሳሕን ሙሉ ሰላጣ ጥሬውን ነበር የሚበላው። እንደ በሬ ጠንካራ ነበር። አገሩ እስኪገባ ድረስ አንድ ቀን አልጋ ላይ አልዋለም። ለሱ ጊዜ ወስፋት የት ሄዶ ነበር?»

«የእሱ እንዴት ይታጠብ እንደነበር ያውቃሉ?»

«እኔ ሱፍ ቆራጭ ነኝ እንጂ ወጥ ቤት ነበርኩ?»

ሰዓቱ ሄደ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ ከግራ ስመጣ እሳቸው በቀኝ ይወጣሉ። በትሕትናቸው ደግሞ ነው የሚያናድዱኝ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ በየመሐሉ «ልጄ፣ ደከመሽ መሰለኝ፣ ውሃ ልስጥሽ?» ይሉኛል፣ ከዚያ መልሰው እዚያው ኮሶአቸው ላይ ይቆማሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። ነገ ጠዋት የሓዳስን ዓይነ ምድር ይስጡኝና ላቦራቶሪ አስመረምራለሁ አልኩ።

ፊታቸው ተቀያየረ። «አንቺ ራስሽ ተሸክመሽው ልትሄጂ? በአደባባይ?»

«በክብሪት ቀፎ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በቦርሳዬ።»

«ዋይ ጓለይ! ለዚህ ነው የተማርሽው?»

«አዎ አባባ። ለዚህ ነው የተማርኩት።»

ተስማሙ፤ ግን ቁርጡን ነገሩኝ። «ነገ ዐርብ የምታሳዪኝን አሳዪኝ። ካላሳመንሽኝ ቅዳሜ ማለዳ ትጠጣለች። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።»

ዐርብ ጠዋት የክብሪት ቀፎዬን ይዤ ሄድኩ፤ ከቀትር በፊት ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። ወስፋት አለባት፤ ብዙ ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ጃርዲያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ በውሃ የሚመጣ ተቅማጥ አምጪ ተገኘባት። የኮሶ ትል ምልክት ግን የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ለምትሠራው ጓደኛዬ ደግመሽ እይው ብያት ደግማ አይታዋለች። አሁንስ አለቀ ብዬ በደስታ ነው በራቸውን ያንኳኳሁት።

የት ያልቃል!

«ይሁን፣ ወስፋት ይሁን» አሉኝ። «ከሰላጣው መሆኑን ግን ማን አየ? ስንት ነገር ትነካለች፣ ልጅ አይደለችም? ሰላጣው እንደሆነ የታጠበ ነው።»

«የታጠበ፣ የታጠበ፣ የታጠበ!» አልኩ፤ ይቅር ይበለኝ፣ በሽማግሌ ፊት ጮህኩ። «የት ነው የታጠበው? በምን ውሃ? አንድ ቀን ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ብርጭቆ በመሐረብ የሚጠቀልሉት ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ሓዳስን ለጎረቤት አደራ ሰጡ፣ «እንሂድ» አሉኝ።

አስካለን ጉልቷ ላይ አገኘናት። ጥያቄውን ሳቀርብላት እንኳ አላፈረችም። «ወንዝ ነዋ!» አለች። «የት አጥበዋለሁ ታዲያ? ቦኖ ላይ ልሰለፍ? ለእንስራ ውሃ እንኳ ሴቶቹ ይደባደባሉ፣ ሰላጣ ይዤ ብሄድ በሕይወት የሚለቁኝ ይመስልሻል?»

«ሳታጥቢው ሽጪዋ!»

«ማን ይገዛኛል? እኚህ አባባ አይደሉም እንዴ እርጥብ ካልሆነ አልነካም የሚሉት? ከነጭቃው ያመጣሁ ቀን አልፈውኝ ሌላዋ ዘንድ ሄዱ። እሷም እዚያው ወንዝ ነው የምታጥበው። ደንበኛ ውሃ ካላየ አይገዛም፤ እኔ ምን ላድርግ?»

አቶ ገብረዮሐንስ ትንሽ ደነገጡ፤ ግን ቶሎ ተመለሱ። «ቢሆንም ወንዝ የሚፈስ ነገር ነው» አሉኝ። «የቆመ ውሃ ይበላሻል፤ የሚፈስ ውሃ ቆሻሻውን ይዞት ይሄዳል። በአገራችንም ከወራጅ ውሃ ነው የምንጠጣው።»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ክርክር በቃኝ። «አስካለ፣ የምታጥቢበትን ቦታ አሳዪን» አልኳት። እያጉረመረመች ጆንያዋን በላስቲክ ሸፍና መራችን።

በቤቶቹ መካከል በሚሾልከው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ወረድን። አቶ ገብረዮሐንስ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ጭቃ እንዳይነካቸው እየመረጡ ይረግጣሉ። ወንዙ ዳር ስንደርስ አስካለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየችን፤ ዙሪያው የሰላጣ ቅጠል ተበታትኗል። ውሃው እዚያ ጋ ጠለቅ ይላል፣ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ጠርቷል።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?» አሉኝ። «ድንጋዩ እንኳ ይታያል።»

«ቀና ይበሉ አባባ። ወደ ላይ ይዩ።»

ቀና አሉ። ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከግንብ ሥር አንዲት ቀይ ቀለም የተቀባች የብረት ቧንቧ ብቅ ብላለች። ከእሷ የሚወርደው ነገር ቀስ እያለ ነው የሚንጠባጠበው፤ ግንቡን አጥቁሮታል። ሽታው እዚያ ድረስ ይመጣል። እኔ የማን ቧንቧ እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን በየወንዙ ዳር ስለማይ ማንነቱንም አልጠየቅኩ። «ይኸው የሰው ሽንት ቤት ነው፤ እዚህ ይገባል፣ እዚያ ድንጋዩ ጋ ይደርሳል፣ ሰላጣው ይነከርበታል» ብዬ ልቀጥል ስል፣ ሰውዬው እንደማይሰሙኝ አየሁ። ቧንቧዋ ላይ ፈዘው ቀርተዋል።

«አባባ?»

«የኛ ናት» አሉ።

«ምኗ?»

«ቧንቧዋ። የግቢያችን ናት። ቀለሙን እኔ ነኝ የቀባኋት፤ ከበሩ የተረፈውን።»

ከአፋቸው ቀስ በቀስ አወጣሁት። የግቢያቸው የጋራ ሽንት ቤት ከሞላ ቆይቷል። መምጠጫ መኪና እንዲመጣ ስንት ጊዜ አመልክተዋል፤ አልመጣም። ሽታውን መቻል ያቃታቸው ንጹሑ ሰው፣ ያለፈው ክረምት እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሳለ፣ ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ከጉድጓዱ እስከ ግንቡ ቧንቧ አስቀበሩ። ግቢው ደረቀ፣ ዝንቡ ቀነሰ፣ ሁሉም መረቃቸው።

«ለአንቺማ እንዳይነገር ተማምለን ነበር» አሉኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እዚያው አገር ይያዝልኝ እል ነበር። ግን ፊታቸውን ሳየው ቁጣዬ ጠፋ። እዚያ አስካለ የምታጥብበት ድንጋይ ላይ፣ ከነተተኮሰው ሱሪያቸው ቁጭ አሉ። ጭቃውን አላዩትም።

«ከእኛ ግቢ ወጣ» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ወደዚህ ወረደ። አስካለ ነከረችው። እኔ ገዛሁት። መርጬ ገዛሁት! ከሁሉ እርጥቡን! ከዚያ በእጄ ቀንጥሼ …» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። «እናት የሌላትን ልጅ!»

አስካለም ማጉረምረሟን ተወች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔስ? እኔም እኮ ለልጆቼ ከዚሁ ነው የማበላው» አለች።

ዳገቱን ስንመለስ አቶ ገብረዮሐንስ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ቆሙ። «ጣልያኑ ቤት» አሉኝ፣ «ሠራተኛዋ አክበረት ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ገነጣጥላ፣ በቧንቧ ውሃ አንድ በአንድ እያሸች ታጥብና፣ ከዚያ ሐምራዊ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈው ነበር። እኔ ቀለም መስሎኝ! ሱፍ እንደሚነከረው፣ ሰላጣውን ለማሳመር የምትነክረው ይመስለኝ ነበር። እንዴት ያለ ሞኝ ነበርኩ።»

«መድኃኒት ነው አባባ። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ የወስፋት እንቁላል ተጣባቂ ስለሆነ ዋናው የአክበረት እጅ ነው። ንጹሕ ውሃ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ማሸት። ለሓዳስ ግን አሁን የበሰለ ብቻ ይስጧት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፤ እሳት ያየው ሁሉ ደህና ነው። ደም የሚሆናትም እሱ ነው። ጾሙንም አያስፈርስም።»

«ይህን ትናንት ለምን አላልሽኝም?»

«ብዬዎት ነበር እኮ!»

«አላልሽኝም። ስለ ትል ብቻ ነው ያወራሽኝ።»

አሁንም ደሜ ሊፈላ ሲል ተውኩት። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። አትብላ ማለት ይቀናናል፤ ይህን ብላ ማለት እንረሳለን።

ቤት እንደገባን የተፈጨውን ኮሶ ከመደርደሪያው አውርደው በእጄ ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ሓዳስን ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄድን፤ የወስፋት ሽሮፕና የጃርዲያውን መድኃኒት ሰጧት። ቅዳሜ ማለዳ፣ ኮሶ ልትጠጣ በነበረበት ሰዓት፣ ልጅቷ ማር የመሰለ ሽሮፕ ጠጣችና ማንኪያውን ላሰችው። የወጣላትን አያቷ በዓይናቸው አዩ። ምን ያህል እንደሆነ እንኳን ለእኔ ለንስሐ አባታቸውም የሚነግሩ አይመስለኝም።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አቶ ገብረዮሐንስ ቅዳሴ የሚያስቀር ስብሰባ ስለማይወዱ መጥተው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን ኮታቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ስለ ስኳር ክፍፍል ሲናገር ጣልቃ ገብተው እጃቸውን አነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስኳሩ ይቆየን» አሉ። «እኔ ስለ ሽንት ቤት መናገር እፈልጋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ የአራዳ ልጅ «ዝንቢቱ ባርኔጣ አደረገች!» አለ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

«ሳቁ» አሉ። «እኔም ብሆን እስቅ ነበር። እኔ ገብረዮሐንስ፣ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ የምጸየፈው፣ የልጅ ልጄን የራሴን ግቢ ጉድጓድ ሳበላት ከረምኩ። አትዩኝ እንዲህ፤ እናንተም በልታችኋል። ሰላጣ የማይበላ ማን ነው? ቃሪያውም፣ ቲማቲሙም፣ ካሮቱም የሚታጠበው እዚያው ነው። ወደ ወንዙ የላካችሁትን ሁሉ ገበያ ሄዳችሁ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ። እኔ ዛሬ ቧንቧዬን እደፍናለሁ። እናንተስ?»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ክርክሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሁሉም የጎረቤቱን ቧንቧ ጠቆመ። አንዷ «ደፍነነው ወዴት እንላከው?» ብላ ጮኸች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የእሑድ የጽዳት ዘመቻ መንገድ መጥረጉን ትቶ አዲስ የጋራ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ቀበሌውም መምጠጫ መኪና በማኅተሙ እንዲጠይቅ ተወሰነ። አስካለና ሌሎቹ ነጋዴዎችም ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከቦኖው ውሃ እንዲቀዱ ተፈቀደላቸው።

አንባቢዬ፣ ለውጥ እንዲህ ወዲያው እንደማይመጣ አውቃለሁ። ወንዙ ዛሬም ንጹሕ አይደለም። ግን በእኛ ሰፈር የተለወጠው ነገር ቀላል አይደለም። አስካለ ሰላጣዋን ከነጭቃው ደርድራ ትሸጣለች፤ «ጭቃው ይታያል፣ ሌላው ነገር አይታይም፤ ቤትዎ ወስደው በቧንቧ ውሃ ይጠቡት» ትላለች። ያንን ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ አሁን እንደ ራሷ ግኝት ነው የምትናገረው። ሴቶቹ ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ይገነጥላሉ። ትንንሽ ልጅ ያለበት ቤት አትክልቱን አብስሎ ያበላል። ከእኛ ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያው በሆድ ቁርጠት የሚመጡ ልጆች መቀነሳቸውን የላቦራቶሪዋ ጓደኛዬ ነግራኛለች። ለመድኃኒት ይወጣ የነበረው ለዳቦ ሆኗል፤ ከትምህርት ቤት የሚቀሩትም ጥቂት ናቸው። ይህ ሁሉ የመጣው ከውሃና ከጥቂት ድካም ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

አቶ ገብረዮሐንስ ደግሞ ጭራሽ አስቸጋሪ ሆነዋል። በየሄዱበት «ማን ነው ያጠበው? የት? በምን ውሃ?» ይላሉ። ለፋሲካ እኛ ቤት ተጋብዘው እናቴ ያቀረበችውን ሰላጣ በሹካ እያገላበጡ እንዲሁ ጠየቋት፤ እናቴ እስከ አሁን አኩርፋቸዋለች። እኔንም «ቀስ ብለሽ አጥበሽዋል?» ብለው ይፈትኑኛል። እኔን! ሥራዬን!

ባለፈው ሳምንት በማለዳ በሬን አንኳኩ። ተቆጥተዋል።

«ያንቺ መድኃኒት አስቸገረኝ» አሉኝ ሳይቀመጡ።

«ምን ሆነች? አመማት?»

«ምን ያማታል! ትበላለች! የቀበሌው ጤፍ ለእኔና ለእሷ ወሩን ያደርሰን ነበር፤ አሁን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ማታ የተረፈውን ጠዋት አጣዋለሁ። ትናንት የእኔን ድርሻ ሳይቀር ጨርሳ ‹አባሓጎ፣ ሌላ የለም?› አለችኝ። ሌላ! ከየት አመጣለሁ? ለየማነ ዱቄት ጭነህ ና ብዬ ላክሁበት። ምን ዓይነት ልጅ ናት ይቺ? እንዲህ ያለ …»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ከመሐረባቸው ውስጥ ብርጭቆዋን አወጡና መሐረቡን ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ብርጭቆዋን ራቁቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ቀብሬያት ነበር እኮ፣ ጓለይ» አሉኝ። «በልቤ ቀብሬያት ነበር።»